ሰው የማይሰማበት ቦታ ፍለጋ

ከመቱ የተነሳነው ሐሙስ ጠዋት ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ላይ ደከም ብሎት ነበር። የጉዞው ዓላማ ጡሩንባ መንፋት ነው። ለዚህ ደግሞ ከቤት መውጣት ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ፤ እኔ ቸኩዬ የማላውቅ ሰው ነኝ።

የዕድራችን ጡሩንባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲያርፍ ገና ጎህ ሲቀድ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሜ ወደ አራቱም ማዕዘን እነፋለሁ፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታውን እለፍፋለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ፊደል የቆጠርኩትም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጢሜ ጥቁር ሳለ የተረከብኩት ይኸው ጡሩንባ ግን ዘንድሮ ጡረታ ሊወጣ ሆነ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገመቹ ሁለት ስልክ የሚይዙ፣ ሥልጣኔ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከእንግዲህ ሞት በስልክ መልእክት ይነገራል፣ ጡሩንባው በመጪው እሑድ በጠቅላላ ስብሰባ ፊት ተመላሽ ይሁን አሉ። ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። እኔም ግራ ሲገባኝ አብሬ አወጣሁ።

የጉዞውን ነገር ያመጣችው የእህቴ ልጅ ቢፍቱ ናት። ቢፍቱ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ቀን ቀን ስልክ ትጠግናለች፣ ማታ ማታ ሙዚቃ ትሠራለች። ሙዚቃ ስል ክራር እንዳይመስላችሁ። ከሞቱ ሬዲዮኖችና ከተጣሉ ቻርጀሮች ሆድ ዕቃ እያወጣች፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሽቦ ከሽቦ እየበየደች የምትሠራቸው ሣጥኖች አሏት፤ ሲንተሳይዘር ትላቸዋለች። ድምፃቸው ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ፣ ተገፍቶ አልነሳ ያለ ሚኒባስና የተቆጣ ድመት አንድ ላይ ነው። ዜማ የለው፣ ግጥም የለው። እናቷ ይህ ምን ይባላል ስትላት፣ ጫጫታ ነው፣ ጫጫታውን ራሱን ነው የምናዳምጠው ትላለች። እህቴም፣ እሱን ከጎረቤት ያለ መብራት ወጪ እናገኘው የለ ወይ ትላታለች።

ቢፍቱ ታዲያ፣ "ጋሼ፣ ከማስረከብዎ በፊት ድምፁን ልቅዳው፤ አለዚያ ጠፍቶ መቅረቱ ነው" አለችኝ።

የምትቀዳው በአንድ መቅጃ አይደለም፤ በአራት ነው። ሰው ከኋላው ሲጠሩት ወደ ኋላ፣ ከቀኙ ሲጠሩት ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፤ እሷ ድምፁን ብቻ ሳይሆን የመጣበትን አቅጣጫ ጭምር ነው የምትፈልገው። አራቱን መቅጃ በአራት ማዕዘን ትተክላለች፤ ኋላ ደግሞ አራት ድምፅ ማጉያ በአራት ማዕዘን አቁማ ሰውን መሀል ታስቀምጣለች። ይህን ስትለኝ ወዲያው ገባኝ። እኔም የምነፋው ወደ አራት ማዕዘን ነውና።

ችግሩ፣ ያለ ሙት ጡሩንባ አይነፋም። ያስረከቡኝ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያስማሉኝ በዚሁ ብቻ ነው፤ በከንቱ ሰው እንዳታስነሳ ብለው። ስለዚህ ከቢፍቱ ጋር እንዲህ ተስማማን። ማንም የማይሰማበት ቦታ ካገኘን እነፋለሁ፤ ካላገኘን ግን ሳይቀዳ ይቀራል፣ እኔም እንደ ታሸገ አስረክባለሁ። ኢሉባቦር አገሩ ደን ነው። ሰው የሌለበት ቦታ ይታጣል ብዬ አላሰብኩም።

ወደ ጎሬ

መናኸሪያው ላይ የመጀመሪያው ክርክር በድምፅ ማጉያው ሣጥን የተነሳ ነበር። ረዳቱ፣ ይህ ወንበር ላይ ከተቀመጠ እንደ ሰው ይከፍላል አለ። ቢፍቱ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አየት አደረገውና፣ አሁንም ተቀምጧል አለ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ከአጠገቤ የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ ምሳ ዕቃውን አይታ፣ ምሳችሁን ቀድማችሁ ቋጠራችሁ አለችኝ። ቢፍቱ አወጣችና አሳየቻት። ክዳኑ ላይ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጅ የነካ ሰው ራሱ ሽቦ ይሆናል፤ ሣጥኑም ይጮኻል። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፍ ነክተው እጅ ለእጅ ከተያያዙም ይጮኻል፤ ግን ድምፁ ወፈር ይላል። ሰው በጨመረ ቁጥር እየወፈረ ይሄዳል። እጁ ያላበው ሰው ከገባበት ደግሞ ይቀጥናል።

ነጋዴዋ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን፤ ከዚያ የኋላው ወንበር ገባ፣ ከዚያ የፊቱ። ድምፁ እንደ በሬ እስኪያገሳ ድረስ ወረደ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ስቆ ስቆ በመጨረሻ እኔም ልግባ ብሎ እጁን ሰጠ፤ ሣጥኑ ሲጢጥ አለ።

"እዩ፣ እጁ አልቦታል" አለች ነጋዴዋ። "የኔን መልስ ስለያዘ ነው።"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ረዳቱ መልሷን ሰጣት። የድምፅ ማጉያውንም ነገር ከዚያ በኋላ አላነሳብንም።

ጎሬ ጉብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስንደርስ ጉም ሸፍኗት ነበር። በአሮጌዎቹ ቢሮዎች ጀርባ አልፈን፣ ቤት የሚባል እስከማይታይበት ወረድን። ጉም ሰውን ከሸፈነ ድምፅንም ይሸፍናል ብዬ ነበር። ቢፍቱ አራቱን መቅጃ በአራት ዛፍ ላይ አሰረች። እኔ ጡሩንባውን ከዱቄት ከረጢቱ አወጣሁ፣ ከንፈሬን አረጠብኩ፣ አፌ ላይ ሳደርገው ከጉሙ ውስጥ ነጠላዋን ያጣፋች አሮጊት ብቅ አለች። ላም ጠፍታባት ኖሯል።

ጡሩንባውን አየች። ቆመች። ነጠላዋን ቀስ ብላ ፈታችና የለቅሶ አድርጋ መልበስ ጀመረች።

"ወንድሜ፣ ማን ነው?"

ማንም አልሞተም እትዬ አልኳት። አላመነችም። ልብ ስለሚያመኝ ነው የምትደብቁኝ፣ ንገሩኝ፣ እችለዋለሁ አለች። በማርያም ማልኩ፤ ቢፍቱም ማለች። ታዲያ ጡሩንባ ይዛችሁ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ ስትል፣ ቢፍቱ ሙዚቃ ነው አለቻት። አሮጊቷ ሽቦውን፣ ዛፎቹን፣ በመጨረሻም እኔን አየችና፣ "ከዚህስ ሞት ይሻል ነበር" አለች።

መኪና እስክንሳፈር ድረስ ተከትላን መጣች። አንድ ሰው ደብቀን እንደሆነ ማየቷ ይመስለኛል። ላሟንም አገኘናት፤ መንገድ ዳር ቆማ ነበር።

ቡሬ

ቡሬ ያደርነው ንጹሕ አልጋ ቤት ነው። ዓርብ ጾም ስለሆነ ምሳችንን የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አስቋጠርን። የሻይ ቤቷ ባለቤት ወሬያችንን ሰምታ መፍትሔ አምጥታ ነበር፤ ሶር ፏፏቴ ሥር ሄዳችሁ ብትነፉት ውሃው ይሸፍነዋል፣ ማንም አይሰማም አለች። ቢፍቱ፣ እሱማ እውነት ነው እትዬ፣ ግን እኔም አልሰማውም አለቻት።

በእግራችን ከከተማው ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከቡናው በላይ ሰማይ የማያሳዩ ትልልቅ ዛፎች አሉ። ብዙ ሄድን። የሰው ዱካ ጠፋ፣ የውሻ ጩኸት ጠፋ። ቢፍቱ መቅጃዎቿን ተከለች። እኔ ደግሞ ከጎሬ ተምሬ ቁጥቋጦውን ሳይቀር ዞሬ ፈተሽኩት። ከዚያ ጡሩንባውን አነሳሁ።

"አባ፣ ሂን አፉፊና!" አለ ድምፅ። አይንፉ ማለቱ ነው።

ወደ ቀኝ አየን፣ ወደ ግራ አየን። ለካ አራቱን ማዕዘን ስንጠብቅ አምስተኛውን ረስተናል። ሰውየው ከላያችን፣ ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ፣ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ በሌላው ገመድ ይዞ ቁልቁል ያየናል።

"አባቴ ቤት ተኝቷል" አለ። "ሕመሙ ከከበደበት ቆየ። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ሁለቱንም እጄን እለቃለሁ።"

ጡሩንባውን ከረጢቱ ውስጥ መለስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ያህል ዘመን ስነፋ ሰው የሚደነግጠው እኔ ስሙን ስጠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ስም ሳልጠራ በፊት ሁሉም በየሆዱ አንድ ስም ጠርቶ ጨርሷል።

ሰውየው ወርዶ፣ ጡሩንባው ባይሆን ንቦቼን ቅጂ ብሎ ወደ አንድ ሞቅ ያለ ቀፎ ወሰደን። ቢፍቱ አራቱን መቅጃ በቀፎው ዙሪያ አሰረችና ምሳ ዕቃዋን ከፍታ አብራ ማንጎራጎር ጀመረች። መጀመሪያ ተግባቡ። ሣጥኑ ዝዝዝ ይላል፣ ንቦቹም ዝዝዝ ይላሉ። ቀጥላ አንዷን ቁልፍ ስታዞር ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ ተያይዘው ወጡ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ መሮጤን እኔም አላምንም። መቅጃዎቹ ግን እዚያው ቀርተው ሥራቸውን ሲሠሩ ነበር፤ ባለ ቀፎው ጭስ ይዞ ሲያወርዳቸው፣ ንቡም ሩጫዬም በአራት ማዕዘን ተቀድቶ ተገኘ። ቢፍቱ ደጋግማ ትሰማዋለች። በጣም ቆንጆ ነው ትላለች።

ስንሰነባበት አባትህን እግዜር ይማርልህ አልኩት። እርስዎም ሲመለሱ በዝምታ ይለፉ አለኝ።

ኖፓ

ቅዳሜ በመቱ በኩል ተመልሰን ኖፓ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ቀን የለንም። ቢፍቱ ቀኑን ሙሉ ሣጥኖቿን አቅፋ በመስኮት ታያለች። ካልሆነ ይቅር ጋሼ አለችኝ አንዴ። ካልሆነ ይቀራል አልኳት። ሁለታችንም እንዲቀር አልፈለግንም።

ከከተማዋ ወጥተን በቆሎ አለፍን፣ ቡና አለፍን፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ጫማ አውልቀን ተሻገርን። መንገድ ላይ ያገኘነው ገበሬ፣ ከወንዙ ወዲያ ጉሬዛ እንጂ ሰው የለም ብሎ ነግሮን ነበር። ውነትም ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ያዩናል። እኔም አየኋቸው። ከላይ ሰው የለም፣ ከታች ሰው የለም፣ በጎን ሰው የለም። ጨርሶ እንዳልሳሳት ጮክ ብዬ፣ እዚህ ሰው አለ ወይ አልኩ። መልስ የለም።

ነፋሁ።

ወደ አንዱ ማዕዘን ነፋሁ፣ ዞርኩ፣ ነፋሁ፣ ዞርኩ። ሸለቆው ተቀብሎ መለሰልኝ፤ ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ሌላ ጡሩንባ ነፊ ያለ መሰለኝ። አራተኛውን ስጨርስ ጉሬዛዎቹ ጠፍተዋል። ቢፍቱ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ስም መጥራት የለመደ አፌ ስም ሲያጣ ጊዜ ባዶውን ተከፍቶ ቀረ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅጠል ኮሽ አለ።

መጀመሪያ የመጣው ዶማ የያዘ ሰው ነው። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች። ቀጥሎ ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ጎልማሶች፤ እንዴት በዚያ ፍጥነት እንዳገኙት እግዜር ይወቅ። ከሁሉም አቅጣጫ፣ ከየቅጠሉ ሥር፣ "ኤኙቱ ዱኤ? ኤኙቱ ዱኤ?" እያሉ ይመጣሉ። ማን ሞተ ማለታቸው ነው። አንዷ ሴት ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ እያለቀሰች ነው የደረሰችው፤ መንገድ ላይ ለራሷ መርጣ ጨርሳለች።

ዶማ የያዘው ሰው ሌሎቹን ሲቃኝ ቆይቶ አንዲት አሮጊት ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። አሮጊቷም ደረቀች። አማቱ ናት፤ ሲኮራረፉ ከርመዋል።

"አሉ እንዴ?" አላት።

"ይኸው አለሁ። አንተስ?"

"እኔም አለሁ።"

እሱ እሷ የሞተች መስሎት፣ እሷም እሱ የሞተ መስሏት ነበር የሚሮጡት። ፊታቸውን ትክ ብዬ አየሁ፤ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው አልለየሁትም።

ማንም እንዳልሞተ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳሁ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቢፍቱም ሽቦዎቿን አሳየች። ማጉረምረም ተነሳ። መሀላቸው የነበሩት ሽማግሌ፣ አባ ቡልቻ ይሏቸዋል፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙን። ከዚያ፣ "ጡሩንባ ጠርቶት የመጣ ሰው እንዲሁ አይመለስም፤ ደግ አይደለም። ስም ይጥሩ" አሉኝ።

እኔ ውሸት አልችልም። ጡሩንባውን አየሁት።

"የሞተስ የለም" አልኩ። "ነገ የሚሞት ግን አለ። ይኸው ራሱ ነው።" የዕድራችንን ውሳኔ ነገርኳቸው።

አባ ቡልቻ ጡሩንባውን ተቀብለው አገላበጡት። ስንት ዘመን አገለገለ አሉ። ጢሜ ጥቁር ከነበረ ጀምሮ አልኩ። ጢሜን በደንብ አዩት።

"ታዲያ ዕድሜ ጠግቧል" አሉ። "ይለቀስለታ።"

ቃሬዛው ላይ አስተኙት። እያለቀሰች የመጣችው ሴት፣ እንባዬን ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው ብላ ቀጠለች። የቀሩት ተቀመጡ፤ እንደ ለቅሶ ቤት ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ጦጣና ስለ መንገዱ ማውራት ተጀመረ። ቢፍቱ መቅጃዎቿን አላጠፋችም። ቀስ ብላ ምሳ ዕቃዋን መሀል አመጣችና ሰዉን ሁሉ እጅ ለእጅ አያያዘች። አንዱ ጫፍ ላይ አባ ቡልቻ፣ ሌላው ጫፍ ላይ እኔ። ድምፁ እየወረደ እየወረደ ሄዶ መሬት ሊነካ ሲል፣ ያቺ እንባዋን በመዳፏ የጠረገች ሴት ስትገባ ትንሽ ቀጠነ። ደግሞ ሁለት ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሁሉም ማን እጁን እንደለቀቀ ለማየት ዞረ። አማትና አማች ናቸው። በሦስተኛው ያዙና አልለቀቁም።

እሑድ፣ መቱ

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። አቶ ገመቹን፣ ጡሩንባውን ከማስረከቤ በፊት የእህቴ ልጅ የምታሰማው ነገር አለ አልኳቸው። ቸር ሰው ናቸው፤ ልዩ ልዩ በሚለው አጀንዳ ሥር አስገቡልን። ቢፍቱ ከጓደኞቿ የተዋሰቻቸውን ጨምራ አራቱን ድምፅ ማጉያ በአዳራሹ አራት ማዕዘን አቆመች፤ ምሳ ዕቃዎቿን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከኋላ አንዱ፣ ንፍሮ ነው ብሎ ተስፋ አደረገ።

ጫጫታው ጀመረ። ንቡ በግራ ገብቶ በቀኝ ወጣ፤ እኔም ተከትዬው ሮጥኩ። ሲንተሳይዘሮቹ ሲያገሱ ገንዘብ ያዡ ተነስቶ ጄኔሬተሩን ሊያጠፋ ወጣ፤ ጄኔሬተር እንደሌለን ደጅ ደርሶ ነው ያስታወሰው። ሴቶቹ አማተቡ። እህቴ ጎረቤቶቿን፣ ይህን ነው እንግዲህ ማታ ማታ የምሰማው ስትል ሰማኋት። አቶ ገመቹ በሁለቱ ስልኮች ሁለቱን ጆሯቸውን ደፍነዋል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ፣ ከኋላ በግራ በኩል፣ ጡሩንባው ተነፋ።

ጡሩንባው ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እኔም እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ሁሉም ያየናል። ግን የሴቶቹ እጅ ወደ ነጠላቸው ሄደ። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከቀኝ ተነፋ፣ ከፊት ተነፋ። ቀጥሎ ቅጠሉ ኮሽ አለ፣ ኤኙቱ ዱኤ የሚለው ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሀል እየቀረበ መጣ። መጀመሪያ የተነሱት አቶ ገመቹ ናቸው። ስልኮቹ ከእጃቸው ወደቁ፤ አላዩዋቸውም።

"ማን ነው?" አሉ። "ማን ነው የሞተው?"

እናታቸው አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ማንም አልሳቀም። ቢፍቱ ወዲያው አጠፋችው። ማንም የለም ጌታዬ፣ ደኅና ናቸው አልኳቸው። ተቀመጡ። ላባቸውን ጠረጉ። አንስተው የሰጧቸውን ስልኮች እያገላበጡ ትንሽ ቆዩና፣ ባለፈው ከሌላ ዕድር የተላከልኝን የሞት መልእክት ያየሁት ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው፣ ከሸቀጥ ማስታወቂያ ሥር ገብቶ ነበር አሉ። ከዚያ እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጡሩንባው ይቀስቅሰን። ስልኩ ዝርዝሩን ይንገረን።"

እጅ ይውጣ ተባለ። በዚህኛው ግራ ሳይገባኝ አወጣሁ። ወዲያው ጸሐፊው ተነስቶ፣ ቢሆንም ኖፓ ላይ በከንቱ ተነፍቷል፣ ቅጣት አለበት አለ። ከዕድሩ ቀበሌ ውጭ ነው ብዬ ልከራከር ስል ቢፍቱ እኔ እቀጣለሁ አለች። በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳንና ወንበር ትሸከማለች።

ቤቴ ስገባ መሽቷል። ከጉዞው የተማርኩትን ጻፍ ካላችሁኝ ይኸው ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ሰው የማይሰማበት ቦታ የለም፤ ዞሬ ፈልጌ አይቻለሁ። ጫጫታም ቁጭ ብለው ሲያዳምጡት ሰው ይወጣዋል። ሌላው ሥራውን የሚወድ ሁሉ ሥራ እንዲበዛለት ይጸልያል፤ እኔ ግን ያስመለስኩት ሥራ ሥራ ፈት ሆኖ እንዲከርም ነው የምጸልየው። ጡሩንባውን ከከረጢቱ አውጥቼ፣ ዱቄቱን አራግፌ፣ የድሮው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

እስካሁን እዚያው ነው። ይቆይ።